የፋቅሁት የሐይቅ ዳር

የጡረታ መሸኛ ምሳዬን ያበሉኝ በትልቁ የገበያ ማዕከል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቦታውን የመረጡት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ ሁሉም ከልጆቼ ጋር እኩያ ስለሆኑ ልጆቹ ነው የምላቸው። ሊያከብሩኝ ብለው ነው። ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ዓሣውም ዛሬ የወጣ ነው ተባልሁ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ስሜ የተጻፈበት የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። አንዱ ተነሥቶ «የባሕር ዳርን ካርታ በእጃቸው የሣሉልን እናታችን» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ዓሣዬን እቆርሳለሁ እንጂ መዋጥ አቃተኝ። መለየቱ ከብዷቸው ነው አሉ።

መለየቱ አልነበረም። የተቀመጥሁበት ቦታ ነው የከበደኝ። ከእግሬ ሥር፣ አራት ፎቅ ወደ ታች፣ መኪና የሚቆምበት ምድር ቤት አለ። መስከረም ሲሆን ውሃ ይገባዋል። ዘበኞቹ በፓምፕ ሲያወጡ ይውላሉ፤ ባለቤቶቹ በሥራ ተቋራጩ ያመካኛሉ፣ ተቋራጩ በዝናቡ ያመካኛል። ውሃው የት ድረስ መጥቶ እንደሚቆም ወርጄ ሳላይ ልነግራቸው እችል ነበር። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለት ድሮም ይቀናኛል። ይህን የምጽፈውም በዚያው ጠባዬ ምክንያት ነው።

ሥራዬ ካርታ መንደፍ ነበር። ቀያሽ አይደለሁም። ቀያሾች ሜዳ ወርደው ለክተው የሚያመጡትን ቁጥርና የእርሳስ ንድፍ በቀለም ወደ ንጹሕ ወረቀት የምገለብጥ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እንፍራንዝ ነው። የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብሁት ማክሰኝት ነበር፤ እዚያ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማስመሪያና ቀኑን ሙሉ የሚያዛጋ አንድ አለቃ ነበሩኝ። ሁለት ዓመት የእርሻ መሬት ስነድፍ ቆይቼ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ፤ ከዚያ በኋላ ከዚህ ከተማ አልወጣሁም። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚወራ የለም፣ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ፎርም በመሙላት ያጠፋሁት ጊዜ ግን ቢጠራቀም ሌላ አንድ ከተማ ያስነድፍ ነበር።

ባሕር ዳር ስደርስ የተቀበሉኝ ጋሽ ደሴ ናቸው። ቀያሽም ነዳፊም ነበሩ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ከእሳቸው በኋላ አላየሁም። የደልጊ ሰው ናቸው፣ ከሐይቁ ማዶ። አባታቸው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ጋሽ ደሴ ወደ መንግሥት ሥራ ቢገቡም እጃቸው ግን የአባታቸው እጅ ነበር። ብዕር ከመያዛቸው በፊት በሳሙና ይታጠቡና እጃቸውን በንፋስ ያደርቃሉ፤ ፎጣ ክር ይተዋል ይላሉ። ንድፍ ያለበት ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ለሳምንት ሰላምታቸውን አያገኝም። እርጥብ ቀለም አይነፉም፣ ምራቅ ይፈናጠራል ብለው። ረጅም መስመር ሲያሰምሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ፊታቸው ደም ይለብሳል፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሳላውቀው አብሬ እይዛለሁ። መስመሩ ሲያልቅ ሁለታችንም እኩል እንተነፍስና እንሣሣቃለን።

ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር መፋቅ ነው። ትሬሲንግ በምንለው ግልጽ ወረቀት ላይ ቀለም ከደረቀ በላጲስ አይለቅም፤ በምላጭ ነው የሚፋቀው። ምላጩ ተጋድሞ ይያዛል፤ ቀና ካለ ወረቀቱን ይቀዳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ቀለሙ አቧራ አቧራ ሆኖ እስኪነሣ በስሱ ይፋቃል። ከዚያ በጠንካራ ላጲስ ይታሻል። በመጨረሻ በአውራ ጣት ጥፍር ጀርባ እስኪለሰልስ ድረስ ይዳመጣል፤ ካልተዳመጠ ቀጥሎ የሚወርድበት ቀለም ይፈስሳል። «ይኸን አባቴ በብራና ላይ ሲያደርጉት አይቼ ነው» ይሉኝ ነበር። ጎበዝ የፋቀው ቦታ ለብርሃን ቢያዙት እንኳ አያስታውቅም። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ከእሳቸው የተሻልሁ ፋቂ ሆንሁ። ራሳቸው በሰው ፊት መስክረውልኛል፤ ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። የሚፋቀው የገዛ ስሕተት ብቻ ነው። ተለክቶ፣ ተመርምሮ፣ ተፈርሞበት የተቀመጠ ዋና ወረቀት ምላጭ አይነካውም። የሚለወጥ ነገር ካለ ቅጂ ይወጣል፣ ቅጂው ይለወጣል፣ ዋናው እንደ ነበረ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር።

ከወረቀቶቻቸው ሁሉ የሚወዱት የሐይቁን ዳር ነው። ጣና አንድ ቦታ አይረጋም። መስከረም ሲያልቅ ወደ ከተማው ይመጣል፣ ግንቦት ሲያልቅ ይሸሻል፤ መሬቱ ሜዳ በሆነበት በኩል ርቀቱ ቀላል አይደለም። ሌላው ቀያሽ በሄደበት ቀን ውሃውን ያገኘበት ላይ አንድ መስመር አስምሮ ይመለሳል። ጋሽ ደሴ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሄዳሉ፣ መስከረም ሲያልቅና ግንቦት ሲያልቅ። ሁለት መስመርም ያሰምራሉ፤ የመስከረሙን ወደ ከተማው ጠጋ ብሎ በድፍኑ፣ የግንቦቱን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በነጠብጣብ። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት በዓመቱ ግማሽ የሐይቁ ነው፣ በዓመቱ ግማሽ የሰው።

የገበያ ማዕከሉ የቆመው በዚያ መሬት ላይ ነው። ያኔ ደንገል የሞላበት ረግረግ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ታንኳ ሠሪዎች ይወርዱበታል፤ ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያሰጣሉ፣ በእሱው ጎጇቸውን ይሠራሉ፣ ታንኳ ያስራሉ። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት የሚያራግፉትም እዚያው ነበር። ውሃው ሲመለስ ጎጇቸውን ነቅለው ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይወጣሉ። አያት ቅድመ አያታቸውም እንዲሁ ሲወጡና ሲወርዱ ነው የኖሩት። በደርግ ጊዜ ዋርካው ተቆርጦ የእህል መጋዘን ተሠራበት፤ እነሱ ግን በጋ በጋ መውረዱን አልተዉም። በኋላ መጋዘኑም ባዶውን ቀረ፣ ጣሪያው ዛገ፣ አካባቢው በቆርቆሮ ታጠረና «ለልማት የተከለለ» የሚል ጽሑፍ ለዓመታት ተንጠለጠለበት። ታንኳ ሠሪዎቹ በሐይቁ በኩል እየዞሩ ይገቡ ነበር፤ ሐይቁ አጥር የለውም።

ጋሽ ደሴን በታንኳ እየቀዘፉ የሚያዞሯቸው አያ እንድሪስ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ጋሽ ደሴ ከሜዳ ሲመለሱ ስለ ውሃው ካወሩኝ ይልቅ ስለ እሳቸው ያወሩኝ ይበልጣል። አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ናቸውና ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ዓሣ ግን በአንድ ሣህን ነበር የሚበሉት። አያ እንድሪስ የውሃውን ጥልቀት ቅዝፊያ ላይ እያሉ በመቅዘፊያው ብቻ ይናገራሉ፣ ጋሽ ደሴ በገመድ ሲለኩት ልክ ሆኖ ያገኙታል።

«ትርንጎ፣ አንድ ቀን እንኳ ነይ እንጂ» ይሉኝ ነበር። «መሬቱን ሳትረግጪ እንዴት ትሥይዋለሽ?»

«ለእኔ የእርስዎ ወረቀት ይበቃኛል ጋሼ።»

«ወረቀቱማ እኔ የነገርሁትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

መጀመሪያ ጭቃውን ፈራሁ፣ ከዚያ ልጅ ወለድሁ፣ ከዚያ መቅረቱን ለመድሁት። በሐይቁ ዳር ያለውን እያንዳንዱን ጎጆ በቀለም አውቀዋለሁ፤ አንዱንም ግን በዓይኔ አላየሁም። ጋሽ ደሴ ጎጆዎቹን በትናንሽ ክብ ያመለክታሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከልም በዚያ በሚያምር እጃቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፤ «በጋ በጋ የታንኳ ሠሪዎች ሰፈር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል።» ወረቀቱ ከተፈረመበት በኋላ ጠቅልለው ይዘውት ወረዱና ለአያ እንድሪስ አነበቡላቸው፤ ሰውዬው ፊደል አይቆጥሩም ነበር። አያ እንድሪስ ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ አሳልፈው «እንግዲህ ማን ያነሣናል?» አሉ። ጋሽ ደሴ ይህን ሲነግሩኝ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

ጋሽ ደሴ ጡረታ ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው አለቃ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችኩል ነበር። ካርታዎቹ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግቡ ተባለና የሐይቁ ዳር ተራ ደረሰ። አንድ ረፋድ ላይ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሐይቅ ሁለት ዳር አለው እንዴ?»

«የመስከረምና የግንቦት ነው» አልሁት።

«ማሽኑ መስከረምና ግንቦት አያውቅም። አንድ መስመር ነው የሚፈልገው። የላይኛውን ያጥፉልኝ፣ ከነጽሑፉ።»

«እንግዲያ ቅጂ ላውጣና ቅጂው ላይ...»

«ትሬሲንጉ አልቋል፣ ግዢው ወር ይፈጃል። ነገ ከሰዓት መላክ አለብን። ለእርስዎ እጅ ደግሞ ይቺ ምን አላት?»

ያቺ «ለእርስዎ እጅ» የምትለው ቃል ሆዴ ገባች። የጋሽ ደሴ ቤት ከቢሮው በእግር ሩብ ሰዓት አያስኬድም፤ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ምን እንደሚሉኝ አውቅ ስለነበር አልሄድሁም።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ ምላጭ አወጣሁና ተቀመጥሁ። እጄን ታጠብሁ፣ በንፋስም አደረቅሁት። የመስከረሙን መስመር ከመጋዘኑ ጥግ ጀምሬ ወደ ምዕራብ እየፋቅሁ ሄድሁ። ጽሑፉን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው አነሣሁት። ክቦቹን አንድ በአንድ ለቀምኋቸው፤ ዐሥራ አራት ነበሩ። የታችኛውን ነጠብጣብ ሞልቼ ድፍን መስመር አደረግሁት። ላጲሱን አሸሁ፣ በጥፍሬ ዳመጥሁ። ሥራው እንደዚያ ቀን ቀንቶኝ አያውቅም። አለቃዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አገላብጦ አየና «ኧረ ምንም አያስታውቅም!» አለ። ደስ አለኝ። ዛሬ ከፋቅሁት ነገር ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ታንኳ ሠሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ ወረዱ። ጋሽ ደሴ ታመሙና እኅታቸው ልታስታምማቸው ወደ ደልጊ ወሰደቻቸው። አያ እንድሪስ በየሳምንቱ ጀልባ የደረቀ ዓሣና መልእክት ይልኩላቸው እንደ ነበር እሰማለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው በሐይቁ ዳር ያለው ያ ባዶ ቦታ ለገበያ ማዕከል ተሰጠ የተባለው። ባዶ ያሰኘው የእኔ ወረቀት ነው።

ታንኳ ሠሪዎቹ ይዞታ አለን ብለው አመለከቱ። የአያ እንድሪስ ልጅ ሐዋ ቢሮ ድረስ መጣች። ረጅም ናት፣ እጇ ደንገል በመሰንጠቅ የሻከረ።

«እትዬ፣ የጋሽ ደሴ ወረቀት እርስዎ ዘንድ ነው አሉኝ። አባቴ ጽፎናል ይላል።»

«ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፣ አይዞሽ» አልኋት። አይዞሽ ያልሁት ምን አስቤ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን አያ እንድሪስ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እኔን ጠራኝ።

«እስኪ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እዚህ ከመጋዘኑ በታች ምን ይላል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ የጥፍሬ ሥራ ያበራል። ፋቄዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል አይሞላም። ልጆቼ ትምህርት ላይ ነበሩ፣ ሰነድ ማጥፋት ደግሞ ያስከስሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የባሰው ነገር ሌላ ነው፤ የጋሽ ደሴ ተማሪ የጋሽ ደሴን እጅ ፋቀች መባሉን መሸከም አልቻልሁም።

«ምንም የለበትም» አልሁ።

አያ እንድሪስ ብድግ አሉ። «እንዴት ምንም? ሲያነብልኝ በጆሮየ ሰምቻለሁ እኮ! በጣቴ ነክቼዋለሁ!»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረላቸው። «አባባ፣ ወረቀቱ ይኸው። ፊርማውም የአቶ ደሴ ነው። የጻፉልዎት ነገር የለም።»

«ጋሽ ደሴ ይጠየቁ እንግዲያ!» አለች ሐዋ ከኋላ ሆና።

«አቶ ደሴ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፣ ያሉትም ደልጊ ነው። እኛ የምናየው ሰነዱን ነው።»

አያ እንድሪስ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ማንበብ ባይችሉም ጽሑፍ ያለበትንና የሌለበትን ይለያሉ። ጣታቸውን ያኔ ያሳለፉበት ቦታ ላይ አሳለፉት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ዞረው እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ «እንግዲያ ዋሽቶኛል» አሉ። «ውሸቱን እንዳነበበ አድርጎ ሸንግሎኝ ነው። ተነሡ፣ እንሂድ።»

እኔ ቆሜ ነበር። ያኔም አልተናገርሁም።

ታንኳ ሠሪዎቹ ያ ክረምት ሳይገባ ከሰፈሩ ተነሡ። አገር እንደሌለው ሰው ከከተማው ጥግ ጥግ ተበተኑ። ቆፋሪ መኪና ገብቶ ደንገሉን ከነሥሩ ገለበጠው፤ የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ እየሞላ ስንት ወር በፓምፕ ሲቀዳ ከረመ። እኔ በየቀኑ በዚያ በኩል እያለፍሁ ወደ ሥራ እሄድ ነበር።

ኮሚቴው ከተበተነ ሁለት ወር ሳይሞላ በሳምንቱ ጀልባ ተሳፍሬ ጋሽ ደሴን ልጠይቅ ደልጊ ሄድሁ። ልናገር ብዬ ነው የሄድሁት። እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው በመስኮቱ ሐይቁን ያያሉ፤ ከስተው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ስሜን ጠርተው ሳሙኝ።

«እንድሪስ ደኅና ነው?» አሉኝ መጀመሪያ። «ምነው መልእክት እንኳ ተወ? ጀልባው በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ልጆች እልካለሁ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ታሞ ይሆን?»

«ደኅና ናቸው ጋሼ። ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«ያቺ የሐይቁ ዳር ወረቀትስ?»

«ደኅና ናት።»

«እሷን ጠብቂልኝ» አሉኝ፤ እጄን ያዙት፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር በጣታቸው ዳበሱት። «በእኔና በእሱ መካከል ያለችው እሷ ናት።»

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ጓሮ ውስጥ አለቀስሁ። ተመልሼ ስገባ ተኝተው ነበር፤ አልቀሰቀስኋቸውም። እስኪነቁ ብጠብቅ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ፤ ውሸት ነው፣ አልናገርም ነበር። ከወር በኋላ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከባሕር ዳር የሄድነው ብዙ ነን። የጋሽ ደሴ እኅት በልቅሶ መካከል «ያ እስላም ወዳጁስ? ምነው ቀረበት?» እያለች ትጠይቅ ነበር። እንደማላውቅ ሰው አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ አጭር ታሪክ ነው። ብዕርና ምላጭ ቀረ፤ እኔም ኮምፒውተር ተማርሁ፣ ወጣቶቹ በትዕግሥት አስተማሩኝ። አለቃ ተለዋወጠ። ያ ችኩሉ አለቃ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም፣ እሱ የሚያስታውሰውም አይመስለኝም። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ሲጠፋ ጥፍር አይፈልግም፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ልጆቹ ሲያጠፉ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።

እንግዲህ በዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ አጨብጭበውልኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ መስቀል አልቻልሁም። ከሦስት ቀን በኋላ ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳር ሄጄ ስለ አያ እንድሪስ ጠየቅሁ። በሕይወት አሉ አሉኝ፤ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ በኪራይ ቤት፣ ከሐዋ ጋር። አለመሞታቸውን ስሰማ ደስ ያለኝ ያህል ፈራሁ።

ሐዋ በር ላይ ዓሣ ትጠብሳለች። ወዲያው አወቀችኝ፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። አያ እንድሪስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ክንድ የማታክል የደንገል ታንኳ ያስራሉ፤ ሐዋ እንግዳ ሲገኝ ትሸጥላቸዋለች። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ሳያይ ያውቃል። ስሜን ነገርኋቸው።

«ያቺ የቢሮዋ» አሉ።

«አዎ አያ እንድሪስ። አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁ።»

ነገርኋቸው። ከምላጩ ጀምሬ ሁሉንም፣ ሳላሳጥር። ለስንት ዓመት በውስጤ ስለው ስለኖርሁ እንደ ሌላ ሰው ነገር ወጣልኝ። ሐዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማችኝና ጮኸች።

«ታዲያ አሁን ምን ልታረጊ መጣሽ? ቤቱ ተሠራ፣ ሰው ተበተነ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ አገር ጥለው ሄዱ! አሁን ምን ያደርግልናል?» እርስዎ ማለቱን ትታዋለች፤ አልከፋኝም።

«ተያት ሐዋ» አሉ አባቷ። ታንኳዋን ከጭናቸው ላይ አነሡና አጠገባቸው አስቀመጡ። «ጽፎን ነበር ነው የምትይኝ?»

«ጽፈው ነበር።»

«ምን ብሎ?»

አልሁላቸው። በጋ በጋ የታንኳ ሠሪዎች ሰፈር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። አንድ ቃል አልሳትሁም።

«እንደዚሁ ነው ያነበበልኝ» አሉ። «ቤታችንንስ?»

«በክብ በክብ አድርገው። ዐሥራ አራት ነበሩ።»

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ የእያንዳንዱን አባወራ ስም እየጠሩ፣ ከራሳቸው ጀምረው። የሞተ ሲደርስ «አላህ ይዘንለት» ይላሉ። ዐሥራ አራተኛው ላይ ቆሙ። «ልክ ነው። ዐሥራ አራት ነበርን።» እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ አየሁት፤ አልጠረጉትም። «ሲሞት ነግረውኛል። ይደፋ አልሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ወዳጄን ስረግም ኖርሁ። አንድ ቀን ነፍስ ይማር ብየ አላውቅም።»

የጻፍሁትን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያደረግሁትን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ፈርሜበት ነበር፤ ለሚመለከተው ቢሮም አንድ ቅጂ አስገብቻለሁ አልኋቸው። አያ እንድሪስ አልተቀበሉኝም። ሐዋ ተቀብላኝ አነበበችው፣ አጣጠፈችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«የት ነው የተቀበረው?» አሉ አያ እንድሪስ።

«ደልጊ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። በምሥራቅ በኩል፣ ከቅጥሩ አጠገብ።»

«ከቅጥሩ ውጭ ብቆም ይታየኛል?»

«ይታይዎታል። ቅርብ ነው። ቢናገሩም ይሰማል» አልሁ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም።

«ሐዋ፣ ጀልባው መቼ ነው?»

«እሑድ ጠዋት ነው አባ።»

«ጫማየን አውጭልኝ። ንጹሑን።»

እሑድ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ሐዋ አባቷን ለጥቂት ጊዜ አየቻቸውና ጭልፋዋን አስቀምጣ ጫማውን ከሣጥን አውጥታ አጠገባቸው አኖረችው።

«እኔ ልምጣ አያ እንድሪስ» አልሁ። «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ መቃብሩን አሳይዎታለሁ። ላግዝዎት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «የለም እቴ። አንቺ ቅሪ። ይቅር የምንባባለው እኔና እሱ ነን።»

ለእኔ የተረፈ ነገር እንዳለ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አላሉኝም። ሐዋ እስከ መንገዱ ድረስ ሳትሸኘኝ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እሑድ ጠዋት ተነሥቼ ለባበስሁ፣ ነጠላዬንም ለበስሁ። ከዚያ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ቤቴ ከወደቡ ሩቅ አይደለም። ጀልባው ጥሩምባውን ሲነፋና ሲነሣ ሰማሁት።